ጠመንጃ ትርፍ የሚሆነው መቼ ነው?

«ትርፍ» የሚለው ቃላችን ሁለት ፊት አለው። ነጋዴ ከዋናው ገንዘቡ በላይ ያገኘው ትርፍ ይባላል፤ ከሚያስፈልገው በላይ ሆኖ ጓዳ ውስጥ የተቀመጠውም ትርፍ ይባላል። አንዱ «ትርፌ ነው» ብሎ ከቤቱ የሚያስወጣው ዕቃ ለሌላው ትርፍ የሚያስገኝ ሸቀጥ ይሆናል ማለት ነው። በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 ሲታወጅ ደግሞ ብዙ ሰው ስለዚህ ቃል አንድ ተጨማሪ ነገር ተምሯል። ቤቱ ትናንትም ዛሬም ያው ቤት ነው፤ ጣራው አልተነቀለ፣ ግድግዳው አልፈረሰ። ትርፍ ያሰኘው በራሱ ላይ የደረሰ ለውጥ ሳይሆን ሌላ ወገን ስለ እሱ የሰጠው ፍርድ ነው።

እኔ ግን ዛሬ የማነሣው ስለ ቤት አይደለም፤ ስለ ጠመንጃ ነው። አንድ መንግሥት አዲስ መሣሪያ ታጥቆ አሮጌውን «ትርፍ ነው» ብሎ ሲሸጥ የሚሸጠው ምንድን ነው? ገዢውስ የሚረከበው ብረትና እንጨት ብቻ ነው? ወይስ ከብረቱና ከእንጨቱ ጋር አብሮ የሚተላለፍ ግዴታ አለ? ጥያቄው ሥራ የፈታ ሰው ጥያቄ ሊመስል ይችላል። ሐረር ውስጥ ለሚኖር ሰው ግን እንዲህ አይደለም። ይህች ከተማ የአሮጌ ጠመንጃ ንግድ ያለፈባት፣ ሒሳቡም የተወራረደባት ከተማ ናት። በዚያ ንግድ የተረፈም የተጎዳም ዘር ዛሬ በአንድ ገበያ ይገበያያል፤ በአንድ ዕድር ይቀባበራል።

* * *

ጥያቄውን ወደ ቤቴ ያመጣው አሜሪካ የሚኖረው የእህቴ ልጅ ነው። የዚያን አገር ዜግነት ከወሰደ ቆይቷል። አንድ ቀን ደወለና «ጋሼ፣ የአያቴን ጠመንጃ ልገዛ ነው፤ እርስዎ ምን ይላሉ?» አለኝ። አባቴ በ1943 ዓ.ም. ከመጀመሪያው የቃኘው ሻለቃ ጋር ወደ ኮሪያ የዘመተ ወታደር ነበር። ከዘመቻው ሲመለስ ወደ ሐረር ተዛውሮ መጣና አቦከር ቤት ሠርቶ እዚሁ ቀረ። ኮሪያ ላይ የታጠቀው አሜሪካኖች የሰጡትን፣ እኛ «ኤም ዋን» የምንለውን ጠመንጃ ነበር። ጆን ጋራንድ የነደፈው፣ የአሜሪካ ጦርም በ1936 እ.ኤ.አ. የተቀበለው መሣሪያ ነው። ስምንት ጥይት ይጎርሳል፤ ስምንተኛው ሲተኮስ የጥይቶቹ ማቀፊያ ብረት ቅጭል ብሎ ተፈናጥሮ ይወጣል። አባቴ ያን ድምፅ በአፉ እያስመሰለ ያጫውተን ነበር። ያ ድምፅ ስለተሰማበት ሰዓትና ከአፈሙዙ ማዶ ስለነበረው ሰው ግን አንድ ቀን እንኳ አላጫወተንም።

የእህቴ ልጅ የነገረኝን አሠራር በጽሞና ላዳመጠው ሰው የሚያስገርም ነው። የአሜሪካ መንግሥት በ1903 እ.ኤ.አ. የተኩስ ልምምድን የሚያበረታታ ብሔራዊ ቦርድ አቋቋመ። ሐሳቡ ዜጋው በሰላም ጊዜ ዒላማ መምታት ከለመደ በጦርነት ጊዜ ጥሩ ወታደር ይወጣዋል የሚል ነው። ብዙም ሳይቆይ ጦሩ የማይፈልጋቸውን ጠመንጃዎች ለተኩስ ክበቦች እንዲሸጥ በሕግ ተፈቀደ። በ1996 እ.ኤ.አ. ሥራው ከጦሩ እጅ ወጥቶ ለትርፍ ላልቆመ ድርጅት ተሰጠ። ይኸው የሲቪሎች ዒላማ ተኩስ መርሐ ግብር እስከ ዛሬ ኤም ዋን ይሸጣል። ከሚሸጣቸው መካከል አሜሪካ ለወዳጅ አገሮች በእርዳታ ሰጥታቸው ከግሪክ፣ ከዴንማርክ፣ ከፊሊፒንስና ከቱርክ የተመለሱ ይገኙበታል። ገዢው የአገሩ ዜጋ መሆን፣ በመርሐ ግብሩ የታቀፈ ክበብ አባል መሆንና የተኩስ ልምምድ ማድረጉን ማስረዳት አለበት፤ የኋላ ታሪኩም ይመረመራል።

ልጁ ሦስት ምክንያት ደረደረልኝ። አንደኛ፣ የአያቱ መታሰቢያ ነው። ሁለተኛ፣ የዒላማ ተኩስ ሰውን ያርማል፤ እስትንፋስን መግታት፣ እጅን ማርጋት፣ መታገሥ ያስተምራል። ሦስተኛ፣ ዕቃው አሮጌ ነው፤ መንግሥት ራሱ ትርፍ ነው ብሎ የጣለውን ነገር ማንም አይፈራውም። ሦስቱም ባዶ ምክንያቶች አይደሉም። እኔ ግን ከሦስተኛው ልጀምር፤ ምክንያቱም ለእሱ መልስ የምትሰጠው ሐረር ናት።

* * *

ጀጎል ውስጥ የከተማው ልጆች «ራምቦ ቤት» እያሉ እንግዳ የሚያደርሱበት ባለ ፎቅ የእንጨት ቤት አለ። የፈረንሳዩ ገጣሚ አርተር ራምቦ መታሰቢያ ነው፤ ቤቱ ግን የህንድ ነጋዴ ቤት እንደ ነበረ ይነገራል። ልጆቹ ስሙን ሲጠሩ የሚታያቸው በፊልም ያዩት ጡንቸኛ ተኳሽ ቢሆን አይፈረድባቸውም። የዚያን ገጸ ባሕርይ ስም ያወጣው አሜሪካዊ ደራሲ ዴቪድ ሞረልም ከገጣሚው ስም መነሣቱን ተናግሯል። ነገሩ በአጋጣሚ ገጥሟል። ሐረር የኖረው ራምቦ ግጥም መጻፍ የተወ፣ ቡናና ቆዳ የሚነግድ፣ ጠመንጃም የሸጠ ሰው ነበርና።

የጠመንጃው ንግድ ታሪክ አጭር ነው። ራምቦ በ1885 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ከታጁራ ወደ ሸዋ የሚሄድ የመሣሪያ ጭነት ለማዘጋጀት ተዋዋለ። ጭነቱ ከሁለት ሺህ በላይ ጠመንጃና ስድሳ ሺህ ያህል ጥይት ነበር። ጠመንጃዎቹ ምን ዓይነት እንደ ነበሩ ለቤተሰቡ በጻፈው ደብዳቤ በግልጽ አስፍሮታል፤ የአውሮፓ ጦር ከጣላቸው አርባ ዓመት የሆናቸው፣ በሊዬዥ ወይም በፈረንሳይ አሮጌ መሣሪያ ነጋዴዎች ዘንድ በሰባት ወይም በስምንት ፍራንክ የሚገኙ፣ ለንጉሥ ምኒልክ ግን አርባ ፍራንክ ገደማ የሚሸጡ ናቸው። የ«ትርፍ»ን ሁለት ፊት ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ሒሳብ አላውቅም። ሊዬዥ ላይ ትርፍ የነበረው አንኮበር ላይ ትርፍ ያመጣል።

ንግዱ ለራምቦ አልቀናውም። ሽርካው ሞተበት፤ አገር አቋርጦ አንኮበር የደረሰው በ1879 ዓ.ም. ጥር ማለቂያ ገደማ ነው። ምኒልክ በዚያን ጊዜ ሐረርን ይዘው መመለሳቸው ነበር፤ ግብጾች ለቀው ሲወጡ የተዉትን መሣሪያም ማርከዋል። አዲስ ገዝቶ የሚያባብል ፍላጎት አልነበራቸውም። ጭነቱን በረከሰ ዋጋ ወሰዱት፤ የሟቹን ሽርካ ዕዳም ከላዩ ቆረጡበት። የቀረው ክፍያ በአዲሱ የሐረር ገዢ በደጃዝማች መኮንን በኩል እንዲፈጸምለት ወደ እኛ ከተማ ላኩት፤ መኮንንም ምጽዋ ላይ የሚመነዘር ሰነድ ሰጡት። የራምቦ ደብዳቤዎች ከዚህ በኋላ በእሮሮ የተሞሉ ናቸው፤ ግመል፣ ዕዳ፣ ኪሳራ። የጠመንጃዎቹ ቀጣይ ዕድል የሚያስጨንቀው ጉዳይ አልነበረም። የፈረንሳይ መንግሥት በታጁራ በኩል መሣሪያ እንዳይገባ ሲከለክልም ከሽርካው ጋር ሆኖ ለውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ አቤቱታ ጽፏል።

በራምቦ ላይ ለመፍረድ አይደለም ይህን የማነሣው። እሱ በጊዜው ከነበሩት ብዙ ነጋዴዎች አንዱ ነው፤ ከሌሎቹ የሚለየው ደብዳቤው ስለ ተጠበቀለት ብቻ ነው። የምፈልገው ነጥብ ሌላ ነው። አንድ ጠመንጃ በአውሮፓ ጦር ሠፈር ውስጥ «አርጅቷል» ሲባል ያረጀው ከጎረቤቱ ጠመንጃ ጋር ሲወዳደር ነው። ፈረንሳይ በ1886 እ.ኤ.አ. ለበንን ስትታጠቅ ግራ የተባለው ጠመንጃዋ በአንድ ቀን አሮጌ ሆነ፤ «ፊዚ ግራ» የሚለው የፈረንሳይኛ ስሙ በእኛ አፍ «ውጅግራ» ሆኖ አገሩን ያጥለቀለቀውም ከዚያ ወዲህ ነው። ውጅግራ ፓሪስ ላይ አሮጌ ይሁን እንጂ ጦርና ጋሻ በያዘ ሰው ፊት ሲቆም ሽማግሌ አይደለም። የመሣሪያ ዕድሜ የሚቆጠረው ከተሠራበት ዓመት ሳይሆን ከፊቱ ከቆመው ሰው አቅም ነው። ስለዚህ «አሮጌ ነው፣ ማንም አይፈራውም» ለሚለው የእህቴ ልጅ መልሴ «ማን ፊት?» የሚል ነው።

* * *

ወደ ሁለተኛው ምክንያት ልለፍ። ዒላማ ተኩስ ሰውን ያርማል የሚለው እውነትነት አለው። በሐረር ጦር አካዳሚ ያለፉ መኮንኖችን ሳውቅ ያየሁት ነገር ቢኖር ተኩስ በሚገባ የተማረ ሰው ጠመንጃን እንደ ተራ ዱላ አያወዛውዝም፤ አፈሙዙን ወደ ሰው አያዞርም፤ ባዶ ነው ብሎ ምላጭ አይስብም። በሠርግና በለቅሶ ሰማይ ለሰማይ የሚተኩሰው አብዛኛውን ጊዜ ያልተማረው ነው። ከዚህ አንጻር የአሜሪካኖቹ መርሐ ግብር ከሊዬዥ ነጋዴዎች የተሻለ አንድ ነገር አድርጓል፤ ቢያንስ ገዢውን ጥያቄ ይጠይቀዋል። ማን ነህ? ከማን ጋር ትተኩሳለህ? ተምረሃል? ይለዋል። ታጁራ ላይ የተጠየቀው «ስንት ትከፍላለህ?» ብቻ ነበር።

ይሁንና «መተኮስ ትችላለህ?» የሚለው ጥያቄ የሚመረምረው እጅን ነው። ልብን አይመረምርም። ለዚህ ታሪክ መራራ ምሳሌ አስቀምጦልናል። በኅዳር 1963 እ.ኤ.አ. ፕሬዚዳንት ኬኔዲ ዳላስ ላይ የተገደሉበት ጠመንጃ ካርካኖ የሚባል የጣሊያን ጦር ትርፍ ነበር። ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. ይዞብን የመጣው የዚያው ዘር ጠመንጃ ነው። ገዳዩ በሐሰት ስም በፖስታ አዝዞ፣ ማነጣጠሪያ መነጽር ተገጥሞለት፣ ከሃያ ዶላር በጥቂት በሚበልጥ ገንዘብ ገዛው። ሰውየው ዒላማ መምታት ያልተማረ አልነበረም፤ በባሕር ኃይል እግረኛ ጦር ውስጥ አገልግሎ በተኩስ ፈተና ደረጃ ያገኘ ነበር። ችሎታውን የሚመረምር ቢኖር ያልፍ ነበር ማለት ነው። አሜሪካኖች በ1968 እ.ኤ.አ. ባወጡት ሕግ ጠመንጃን በፖስታ ለግለሰብ መላክን የከለከሉት ይህንና ሌሎች ግድያዎችን ካዩ በኋላ ነው።

እንግዲህ ጣሊያን ትርፍ ነው ብሎ የጣለው፣ ነጋዴው የርካሽ ዕቃ ማስታወቂያ ያወጣበት ጠመንጃ የዓለምን ታሪክ አናወጠ። በሻጩ መዝገብ ላይ ዋጋው ሃያ ዶላር ነበር። ከዚህ የምማረው ትምህርት አለ። ችሎታ በጎነትን አይተካም፤ ርካሽነትም የዕቃውን አቅም አይቀንስም። ራስን መግዛት የሚባለው ትልቅ ጸባይ እስትንፋስን ለሦስት ሰከንድ ከመግታት ይጀምር ይሆናል፤ እዚያ ላይ ግን አያልቅም።

* * *

ከባዱ የመጀመሪያው ምክንያት ነው፤ መታሰቢያ።

ከአቦከር ተነሥቼ ወደ ፈረስ መጋላ በሄድኩ ቁጥር አደባባዩ ላይ በጨለንቆ ለወደቁት የቆመውን መታሰቢያ አልፋለሁ። ጨለንቆ ላይ በ1879 ዓ.ም. የአሚር አብዱላሂ ጦር በምኒልክ ጦር ተሸነፈ፤ ሐረርም ነፃነቷን አጣች። የራምቦ ጠመንጃዎች በዚያ ቀን ገና መንገድ ላይ ነበሩ፤ ስለዚህ እነሱን በዚህ ደም መክሰስ አይቻልም። ነገር ግን ከእነሱ በፊት በዚያው ንግድ የገቡ፣ በዚያው «ትርፍ» በሚለው ስም የተሸጡ ጠመንጃዎች ጨለንቆ ላይ ነበሩ።

ከዘጠኝ ዓመት በኋላ፣ በኅዳር 1888 ዓ.ም. ራስ መኮንን የሐረርን ጦር ይዘው አምባላጌ ላይ ጣሊያንን ገጠሙ፤ የካቲት 23 ቀን ዐድዋ ላይ ድሉ ተፈጸመ። ውጅግራውም፣ ሬሚንግተኑም፣ ሌላውም አውሮፓ ያረጀብኝ ብላ የሸጠችው ብረት አውሮፓን መልሶ መታ። ጣሊያን ራሷ በ1887 እ.ኤ.አ. በተደረገው ስምምነት ለምኒልክ አምስት ሺህ ሬሚንግተን ልትሰጥ ቃል መግባቷን የሚያስታውስ ሰው ነገሩ ሁሉ የቀልድ ያህል ሊመስለው ይችላል። በዚያ ቀን እነዚያ ጠመንጃዎች ባይኖሩ እኔ ዛሬ በዚህ ፊደል መጻፌ ራሱ ያጠራጥራል። የመሣሪያ ንግድን ሁሉ በጅምላ የሚኮንን ሰው ለዚህ መልስ ሊኖረው ይገባል።

ታዲያ እኛ ሐረሮች ምን እናድርግ? አንዱ ቤት ግድግዳ ላይ የተሰቀለው አሮጌ ውጅግራ የዐድዋ መታሰቢያ ነው። ጎረቤቱ ያንኑ ጠመንጃ ሲያይ የሚታየው ጨለንቆ ነው። ሁለቱም አይዋሹም። ብረቱ ለማን እንደ ተኮሰ አይነግረንም፤ አርበኛን ከወራሪ፣ ተከላካይን ከአስገባሪ አይለይም። ከአንድ ፋብሪካ የወጡ ሁለት ጠመንጃዎች፣ አልፎ አልፎም አንዱ ጠመንጃ ራሱ በሁለት የተለያዩ ቀናት፣ ነፃ አውጪም ባሪያ አድራጊም ሆኗል። ከዚህ የተነሣ «ጠመንጃው ንጹሕ ነው፣ ጥፋቱ የሰው ነው» የሚሉትም፣ «ጠመንጃ ሁሉ ርኩስ ነው» የሚሉትም ነገሩን የሚያቀሉት ይመስለኛል። የመጀመሪያዎቹ ሻጩን ነፃ ያወጣሉ፤ ሁለተኛዎቹ ዐድዋን ያጣሉ።

የእኔ አስተያየት እንዲህ ነው። ጠመንጃን መታሰቢያ አድርጎ የሚይዝ ሰው ታሪኩን በሙሉ የመያዝ ግዴታ አለበት። የአያቱን ጀግንነት ብቻ ነቅሶ አውጥቶ የቀረውን መተው መታሰቢያ አይባልም፤ ጌጥ ነው። አባቴ ስለዚያ ቅጭል ስለሚለው ድምፅ እያወራ ስለ ማዶው ሰው ዝም ያለው ረስቶ አይመስለኝም። ዝምታው የጠመንጃው ግማሽ ታሪክ ነበር። ባለፉት ጥቂት ዓመታት ደግሞ ከአገራችን መጋዘኖች የወጡ አሮጌ ጠመንጃዎች ወደ አሜሪካ ተሽጠዋል፤ ካርካኖ፣ ቬተርሊ፣ ማውዘር፣ የአንበሳ ምልክት ያለበት የቤልጂግ ሥራ። ሰብሳቢዎቹ የአማርኛ ጽሑፍ የተቀረጸበት ሲያጋጥማቸው ደስ ይላቸዋል አሉ። አውሮፓ የጣለውን ገዛን፤ ተዋጋንበት፤ እኛም በተራችን ትርፍ ነው ብለን ሸጥነው። ጽሑፉን የማንበብ ግዴታ ግን ከዕቃው ጋር ተጭኖ ሄዷል? ያንን የሚጠይቅ ክበብ መኖሩን እጠራጠራለሁ።

* * *

ይህን ሁሉ ስል ግን ስለ ሩቅ አገር ክበቦችና ስለ ግድግዳ ጌጥ ብቻ እንዳላወራ እሰጋለሁ። የእኛ አገር ጠመንጃ መታሰቢያም ስፖርትም አይደለም። በብዙ የገጠር ቤት ገበሬ በሬውን ሸጦ መሣሪያ ይገዛል። በ1983 ዓ.ም. ያ ትልቅ ጦር ሲበተን ወታደሩ ክላሹን በየመንገዱ በምሳ ዋጋ ሸጦ ወደ ቤቱ ገብቷል፤ በአንድ ወር ውስጥ የመንግሥት መሣሪያ የሕዝብ መሣሪያ ሆነ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 ያለ ፈቃድ መያዝን ይከለክላል፤ ከዚያ አዋጅ ወዲህ ባሉት ዓመታት ግን ጦርነት አይተናል፤ የመሣሪያ ፍላጎት ሲቀንስ አላየንም። ለገበሬው «ትርፍ መሣሪያህን አስረክብ» ብትለው «ትርፍ የለኝም፤ አንዲት ናት፣ እሷም አትበቃኝም» ይልሃል። ሞኝ ስለሆነ አይደለም። ማታ በሩን ሲዘጋ ከውጭ የሚጠብቀው ሌላ ሰው መኖሩን ስለማያምን ነው።

እዚህ ላይ ነው የሐረር ግንብ የሚታወሰኝ። አሚር ኑር በ16ኛው መቶ ዘመን ያሠራው ጀጎል አምስት ጥንታዊ በሮች አሉት። ሽማግሌዎች እንደሚያወጉት በአሚሮቹ ዘመን ከገጠር ለገበያ የሚመጣ ሰው ጦሩን በሩ ላይ ለዘበኞች አስረክቦ ይገባ ነበር፤ ሲወጣ ይረከባል። በ1855 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ወደዚህ የመጣው እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተንም በአሚሩ ግቢ መሣሪያህን ፍታ መባሉንና እምቢ ማለቱን ጽፏል። በሩ የሚጠይቀው «መተኮስ ትችላለህ?» ብሎ አይደለም። «ለምን መጣህ?» ነው ጥያቄው። ለገበያ ከሆነ የመጣኸው ጦር ምን ያደርግልሃል? እዚህ ተወው፣ ቡናህን ሸጠህ፣ ጨውህን ገዝተህ ስትመለስ ታገኘዋለህ ይለዋል።

ልብ በሉ፤ በሩ ላይ የተቀመጠው ጦር የተወረሰ አይደለም፣ የተሸጠም አይደለም። ለዚያ ቀን ትርፍ ሆነ እንጂ። ትርፍ ያደረገውም ሌላ የተሻለ ጦር መፈልሰፉ ሳይሆን ባለቤቱ ሁለት ነገር ማመኑ ነው። ውስጥ ገብቶ እንደማይነካ ያምናል፤ ሲወጣም ዕቃው እንደሚመለስለት ያምናል። አንዱ እምነት ቢጎድል ሰውየው ወይ አይገባም፣ ወይ ጦሩን በጋቢው ሸፍኖ ይገባል።

የጥንቱን በር እንደ ገነት በር አድርጌ ልስል አልፈልግም። ዘበኛው ራሱ የታጠቀ ነበር። የገጠሩ ሰው ፈትቶ ሲገባ የከተማው ገዢ አልፈታም። እምነት ከመሰለው ውስጥ ምን ያህሉ ፍርሃት እንደ ነበረ የዛን ጊዜ ገበሬ ቢነሣ ይነግረን ነበር። በመጨረሻም ጠመንጃና መድፍ የያዘ ጦር ሲመጣ በሩ አልጠበቃቸውም። ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ ሐሳቡን ግን አያፈርሰውም፤ የጎደለውን ያሳየናል። ፈትተህ ግባ የሚል ሁሉ እሱም ለአንድ ሕግ መፍታት አለበት። ዘበኛውን የሚጠይቅ ሌላ ዘበኛ ከሌለ በሩ በር መሆኑ ቀርቶ ወጥመድ ይሆናል።

ለእህቴ ልጅ ያልኩትም ይህንኑ ነው። «ግዛ አልልህም፣ አትግዛም አልልህም። ከገዛህ ግን ቆልፈህ አስቀምጠው፤ ከልጆችህ ጋር ስታየው ኮሪያንም ጨለንቆንም አንሣላቸው፤ አገርህ አንድ ቀን በሕግ መልስ ካለህም አያቴ ነው ብለህ አትሟገት» አልኩት። «እሺ ጋሼ» አለኝ፤ ይገዛው አይገዛው የሱ ፈንታ ነው።

ስለ እኛ ስለ ራሳችን ግን እንዲህ አስባለሁ። መንግሥታት ጠመንጃን ትርፍ የሚሉት አዲስ ሲያገኙ ነው። ነጋዴዎች ትርፍ የሚሉት ገዢ ሲያገኙ ነው። በእኔ እምነት ጠመንጃ በእውነት ትርፍ የሚሆነው ባለቤቱ ጎረቤቱንና ዳኛውን ሲያምን ብቻ ነው። በሬውን ሸጦ ጠመንጃ የገዛ ገበሬ ጠመንጃውን ሸጦ በሬ የሚገዛበት ቀን የሚመጣው መሣሪያው ስላረጀ ወይም አዋጅ ስለ ወጣ አይሆንም፤ ሌሊት ለሚመጣበት ነገር ጠዋት የሚጠይቅለት ሰው እንዳለ ሲያውቅ ነው። እስከዚያ ድረስ እሱን «አስረክብ» ከማለታችን በፊት በሩ ላይ ማንን እንዳቆምን መጠየቅ የእኛ፣ የከተሜዎቹ ዕዳ ነው። ሐረር አንድ ጊዜ፣ ጉድለቱ እንዳለ ሆኖ፣ ሰው ጦሩን አስቀምጦ ለገበያ የሚገባባት ከተማ ነበረች። ግንቡ ዛሬም ቆሟል፤ በሮቹም አሉ። የጠፋው የሚረከበውን ሰው ማመን ነው።